የትክትክ ባክቴሪያ «ተጣበቀ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ኮዬ ፈጬ ልጅ ትክትክ በያዘው ቁጥር የማይቀር ምክር አለ። «ባክቴሪያው አክታው ላይ ተጣብቆ ነው፤ ትኩስ ሻይ አጠጡት፣ ይታጠብለታል።» ሰሞኑንም አንድ ሰው ይህንኑ በሙሉ ልብ ለእናቶች ሲያስረዳ ሰማሁ። ልክ አይደለም፤ ሰውንም ያዘናጋል።

አክታ ላይ ያረፈ ባክቴሪያ ብዙ አይቆይም። ተገፍቶ ይወጣል፣ ወይም ይዋጣል። የትክትክ ባክቴሪያ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቦርዴቴላ ፐርቱሲስ፣ ግን የሚይዘው ገፊዎቹን ራሳቸውን ነው። የአየር ቧንቧችን ሕዋሳት ጫፍ ላይ ሲሊያ የሚባሉ ጥቃቅን ጸጉሮች አሉ። ሌት ተቀን እየተወዛወዙ አክታውን ወደ ላይ ይጠርጋሉ። ባክቴሪያው እነሱ መሃል ገብቶ ይሰፍራል።

ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለውን ሜዳ ያቋረጠ ሰው ጨጎጊትን ያውቃል። ሹራብ ላይ ሙጭጭ ይላል፤ ፕላስቲክ ጫማ ላይ ግን አይዝም። ሙጫ የለውማ! ያለው መንጠቆ ነው፣ መንጠቆው ደግሞ ክር ይፈልጋል። የትክትኩም ባክቴሪያ ላዩ ላይ ብዙ መንጠቆ አለው፤ ፊላመንተስ ሄማግሉቲኒን የሚባለው ረጅም ፕሮቲን፣ ፊምብሪያ፣ ፐርታክቲን። አንዱ ቢጎድል በሌላው ይይዛል። ፐርታክቲን የሌላቸው ባክቴሪያዎች አሜሪካና ፈረንሳይ ውስጥ ሰው ሲያሳምሙ ተገኝተዋል። ስለዚህ አንዱን ፕሮቲን ነጥሎ «የሚያጣብቀው ይሄ ነው» ማለትም አያስኬድም። ደግሞ የዚህ እውቀት ትልቁ ክፍል የተገኘው ላብራቶሪ ውስጥ ካደጉ ሕዋሳትና ከእንስሳት ነው፤ ባክቴሪያው በተፈጥሮ የሚኖረው ግን ሰው ላይ ብቻ ነው።

ጨጎጊት ከያዘ በኋላ ዝም ይላል። ይሄኛው መርዝ ይለቃል። ትራኪያል ሳይቶቶክሲን የተባለው መርዙ ሲሊያ ያላቸውን ሕዋሳት ያበላሻል። ጠራጊ ሲጠፋ አክታው ይከማቻል፣ ልጁም በሳል ብቻ ሊያወጣው ይታገላል። አንቲባዮቲክ ዘግይቶ ሲጀመር ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ወደ ሌላ ሰው እንዳይተላለፍም ያግዛል፤ ሳሉ ግን ለሳምንታት ይቀጥላል። «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚባለው ያኔ ነው።

ወደ ሻዩ ልመለስ። የጠጣነው ነገር የሚወርደው በምግብ ቧንቧ ነው። ሲሊያዎቹ ያሉት በአየር ቧንቧው ነው። አይገናኙም። እንጥል ማስቆረጥም አንድ ባክቴሪያ አያላቅቅም፤ ሕፃኑን ለመድማትና ለሌላ ኢንፌክሽን ያጋልጠዋል እንጂ። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ልጅ ጭራሽ አይሰጥም።

መንጠቆውን ቀድሞ የሚይዘው ክትባት ነው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው አምስት በአንድ ክትባት ውስጥ የሞተው የትክትክ ባክቴሪያ ሙሉ አካሉ አለ። ስለዚህ የልጁ ሰውነት አንዱን መንጠቆ ብቻ ሳይሆን ብዙዎቹን ይለማመዳል።

6 ሳምንት ያልሞላው ጨቅላ ገና አልተከተበም፤ የሚስል ሰው አይቀፈው። እንዲህ ያለ ሕፃን ትክትክ ሲይዘው ከሳሉ በኋላ ትንፋሽ ሲሳብ የሚሰማው ያ የታወቀው ድምፅ ላይሰማ ይችላል፤ ትንፋሹ ቆም ቆም ይላል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ይህን ያየ ሰው ሻይ አይጣድ። ወዲያው ጤና ጣቢያ ይውሰደው።