ስለ ክፍል ሥነ ሥርዓት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ተማሪ ካልተገረፈ አይፈራም፤ ካልፈራም አይማርም።» በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከመምህራንም ከወላጆችም ደጋግሜ የሰማሁት አባባል ይህ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ስለሚደነግግ፣ አለንጋ መያዝም ሆነ ማንበርከክ ለመምህሩ ምርጫ የተተወ ጉዳይ አይደለም። ፍርሃት የሚያስተምረው መምህሩ ሲያይ ዝም ማለትን ብቻ በመሆኑም፣ ፊቱን ወደ ሰሌዳው እንዳዞረ ረብሻው ካቆመበት ይቀጥላል።

«ረባሽን ማስወጣት ለሌሎቹ ሰላም ይሰጣል» የሚለውን እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜበት ነበር። የክፍል አለቃው በሚያመጣልኝ የረባሾች ዝርዝር ላይ ስሙ «×5» ከሚል ምልክት ጋር የማይጠፋ አንድ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ፤ በየጊዜው አስወጣው ነበር። አንድ ቀን ተራ በተራ አንቀጽ እያስነበብኩ ልብ ብዬ ስከታተለው፣ የጎረቤቱን እስክሪብቶ የሚነጥቀው ንባቡ እሱ ጋ ለመድረስ አንድ ዴስክ ሲቀረው መሆኑን አስተዋልኩ። ልጁ ማንበብ አይችልም ነበር፤ በጓደኞቹ ፊት ከመዋረድ መባረርን መርጧል፣ እኔም የቀጣሁት እየመሰለኝ የሚፈልገውን ስሰጠው ከርሜያለሁ። ይህ ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲያ በማግስቱ የሚያነባቸውን ሁለት መስመሮች አስቀድሜ እየሰጠሁት በእረፍት ሰዓት አብረን እንለማመድ ጀመር፤ ስሙ ከዝርዝሩ በአንድ ጊዜ ባይወጣም፣ በንባብ ክፍለ ጊዜ መረበሹን ተወ።

«ተማሪ በበዛበት ክፍል ሥርዓት አይታሰብም» ይባላል። በአንድ ዴስክ ሦስት እየሆኑ መቀመጣቸው ሥራውን እንደሚያከብደው አልክድም፤ ነገር ግን ጫጫታው የሚነሣው በአብዛኛው ስም ሲጠራና ደብተር ሲታደል፣ ማለትም ተማሪው ሥራ ሲፈታ ነው። ሲገቡ ሰሌዳው ላይ አጭር ጥያቄ ተጽፎ ቢጠብቃቸው ይህ ክፍተት በእጅጉ ይጠባል።

«ወላጅ አምጣ» የሚለውም ትእዛዝ የመጨረሻ መፍትሔ ተደርጎ ይታያል። ወደ መሀል ከተማ ለመሄድ ገና ሳይነጋ የታክሲ ሰልፍ የሚይዝ ወላጅ ግን ሲጠራ የቀን ገቢውን ያጣል፤ ንዴቱንም ማታ ልጁ ላይ ሊወጣው ስለሚችል፣ እኛ የተውነው ዱላ ቤት ውስጥ ይጠብቀዋል። እኔ አሁን ለወላጅ የመጀመሪያውን ስልክ የምደውለው ልጁ ደህና ነገር በሠራበት ቀን ነው፤ ጥፋት ሲኖር ስደውል ወላጁ ረጋ ብሎ ያዳምጠኛል።