በሪሞት ላይ «ኤልቢቲ» እና «ኤፍሲሲ» የሚለው ጽሑፍ ምን ይለውጣል?

የሪሞት ጀልባና አውሮፕላን መቆጣጠሪያዎች በአብዛኛው በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ፤ ዋይፋይም እዚያው ነው። የአውሮፓ ደንብ ኃይሉን በ100 ሚሊዋት ይገድባል፤ «ኤልቢቲ» የተባለው ሪሞት ደግሞ ከመላኩ በፊት ቻናሉ ነፃ መሆኑን ያዳምጣል። ስለዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዋይፋይ በተጨናነቀበት ቦታ ትእዛዙ ሊዘገይ ይችላል። ለአሜሪካ የተሠራው «ኤፍሲሲ» ሳያዳምጥ ከቻናል ቻናል እየዘለለ ይልካል።

ሪሞቱ የአንዱ፣ ጀልባው ወይም አውሮፕላኑ ላይ ያለው ተቀባይ የሌላው ዓይነት ከሆነ ብዙ ጊዜ አይጣመሩም። ተበላሽቷል ብሎ ዕቃውን መጣል ግን ኪሳራ ነው፤ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ፈርምዌር (የዕቃው ውስጣዊ ሶፍትዌር)፣ ወይ ኤልቢቲ ወይ ኤፍሲሲ፣ ጫኑ።

ጀልባ ላይ አንቴናውን ከውኃው በላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ የጠለቀ አንቴና ሲግናል አያገኝም ማለት ይቻላል። ሲግናል ሲቋረጥ ሞተሩ እንዲቆም ፌይልሴፉን አስተካክሉ፤ ከዚያ ፕሮፔለሩን ፈትታችሁ፣ ሪሞቱን በማጥፋት ሞክሩት።