ጨው ወጥ ውስጥ አይቀልጥም! ስለ ሶሉሽን (አንዱ ነገር ሌላው ውስጥ የሟሟበት ድብልቅ) የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ታናሽ እህቴን ኬሚስትሪ ሳስጠናት ሶሉቢሊቲ (አንድ ነገር ምን ያህል እንደሚሟሟ) ላይ ስንደርስ ግማሹን ነገር ገልብጣ እንደያዘችው አየሁ፣ እኔም በሷ እድሜ እንደዛው ነበርኩ። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጨው ወጥ ውስጥ ይቀልጣል»

አይቀልጥም፣ ይሟሟል። ጣጣው አፋችን ሁለቱንም «ቀለጠ» ማለት ስለለመደ ነው። መቅለጥ ማለት ጠጣሩ ነገር በሙቀት ብቻ ራሱ ፈሳሽ ሲሆን ነው፣ ቅቤ ምጣድ ላይ እንደሚሆነው። ጨው እንደዛ እንዲሆን 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፣ የአልሙኒየም ድስቱ ራሱ እኮ በ660 ይቀልጣል 😄 ወጡ ውስጥ ግን የውሃ ሞለኪውሎች ጨው የተሠራባቸውን ሶዲየምና ክሎራይድ ከክሪስታሉ ላይ እየነቀሉ ከበው ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ደሞ «ጠፋ» የሚሉም አሉ፣ 100 ግራም ውሃ ላይ 10 ግራም ጨው ጨምራችሁ መዝኑት፣ 110 ነው፣ የት ይሄዳል።

«በደንብ ካማሰሉት ብዙ ስኳር ይሟሟል»

ይሄኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ማማሰል፣ ስኳሩን መፍጨት ምናምን የሚጨምረው ፍጥነቱን እንጂ መጠኑን አይደለም። በ20 ዲግሪ 100 ግራም ውሃ ወደ 200 ግራም ስኳር ይይዛል፣ እዛ ላይ ሲደርስ ውሃው ጠገበ ማለት ነው (ሳቹሬትድ የሚባለው)፣ ከዛ በኋላ እስከ ማታ ብታማስሉትም ትርፉ ታች ይቀመጣል። እህቴ ሻይዋን ጠጥታ ስትጨርስ ብርጭቆው ስር ስኳር ሲቀር «ሻዩ ጠግቦ ነው» አለችኝ፣ አይ የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ስላላማሰልሽው ነው፣ ሶስት ማንኪያ ስኳር ሻይን አያጠግብም።

«ከሞቀ ሁሉም ነገር የበለጠ ይሟሟል»

ለስኳር እውነት ነው፣ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ 200 የነበረው ወደ 490 ግራም ገደማ ይደርሳል። ጨው ግን ግድ የለውም፣ በ20 ዲግሪ 36 ግራም፣ በ100 ዲግሪ 39 ግራም፣ በቃ። ጋዝ ደግሞ ጭራሽ በተቃራኒው ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ አምቦ ውሃ ክፈቱና እዩት፣ ግማሹ እጃችሁ ላይ ነው የሚፈሰው፣ ምክንያቱም ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውሃው ውስጥ መቆየት አይችልም፣ ክዳኑ ሲከፈት ደሞ አፍኖ የያዘው ግፊት ይለቀቃል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡበት ይገነፍላል። ግፊት እንዲህ የሚሠራው ጋዝ ላይ ነው፣ ስኳርና ጨው ላይ ያለው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። ኦክስጅንም ያው ነው፣ በ0 ዲግሪ አንድ ሊትር ንፁህ ውሃ 14.6 ሚሊግራም ይይዛል፣ በ30 ዲግሪ ግን ግማሹን ያህል ብቻ፣ ውሃ ሲሞቅ ዓሣ የሚጨነቀው ለዚህ ነው።

«ወተት ሶሉሽን ነው»

አይደለም፣ ኮሎይድ ነው፣ ጥቃቅን የቅባት ጠብታዎችና የፕሮቲን ቅንጣቶች ሳይሟሙ ተንሳፍፈው ነው ነጭ የሚመስለው። የጀበና ቡና ደሞ ቅይጥ ነው፣ ከላይ ያለው ውስጥ የሟሟ ነገር አለ፣ አተላው ግን አልሟሟም፣ ዘቀጠ እንጂ።

«ዘይት ከውሃ የማይቀላቀለው ስለሚቀል ነው»

መቅለሉ ውሃው ላይ እንዲንሳፈፍ ያደርገዋል እንጂ አለመቀላቀሉ ሌላ ጉዳይ ነው። አልኮልም ከውሃ ይቀላል፣ ግን አረቄ ውስጥ ሁለቱ ተለያይተው አይታችሁ አታውቁም። ነገሩ የሞለኪውል ዓይነት ነው፣ ፖላር (እንደ ውሃና አልኮል አንዱ ጫፉ ትንሽ ፖዘቲቭ ሌላው ትንሽ ኔጌቲቭ የሆነ) ከፖላር፣ ቅባት ከቅባት። ሚጥሚጣ የሚያቃጥለን ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር ቅባት ወዳድ ነው፣ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፣ ስለዚህ ውሃ ስትጠጡ አፍ ውስጥ ያዞረዋል እንጂ አጥቦ አይወስደውም። ወተት ነክ ነገር ግን ውስጡ ያለው ኬዚን የሚባል ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞት ይሄዳል። እህቴ ባለፈው ክትፎ አቃጥሏት አንድ ጠርሙስ አምቦ ጨልጣ ምንም አልጠቀማትም ነበር፣ አጠገቧ ግን አይቡ ሳይነካ ተቀምጧል።