ዛፉም እጁ አለበት

«ዛፍማ ማንም ይተክላል፣ ምኑ ነው ጥበብ?» ይሉኛል፣ ሰውነትን፣ ዕፅዋትንና አፈርን ይዞ ስለሚሠራው የዘመናችን ጥበብ ሳወራ። እስቲ ጀርመናዊውን የጥበብ ሰው ዮዜፍ ቦይስን እንይ። በ1982 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ካሰል ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሙዚየም ፊት ለፊት 7,000 የባዛልት ድንጋይ አስከመረ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ከክምሩ አንድ ድንጋይ የሚነሳው አንድ ዛፍ ሲተከል ብቻ ነው፣ ድንጋዩም ሄዶ ከዛፉ አጠገብ ይቆማል። ክምሩ ካላለቀ ገና ያልተተከለ ዛፍ አለ ማለት ነው፣ ይህንንም መንገደኛው ሁሉ ያያል። ቦይስ በ1986 ሞተ። የመጨረሻውን ዛፍ በ1987 ልጁ ተከለው። ዛሬ ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፣ ዛፉ ግን አድጎ ጥሎት ሄዷል። «ማንም ይተክላል» የሚለው ልክ ነው፤ ቦይስም የፈለገው ይህንኑ ነበር፣ ከተማው ሁሉ እንዲተክል።

«ዕፅዋቱ የገቡት ለማስዋቢያ ነው» የሚሉም አሉ። በፍጹም! ጣሊያናዊው ጁዜፔ ፔኖኔ በ1968 የእጁን ቅርጽ በብረት አሠርቶ ጫካ ውስጥ አንድ ለጋ ዛፍ አስጨበጠው። የቀረውን የሠራው ዛፉ ነው። ግንዱ በየዓመቱ እየወፈረ እጁን ዋጠው።

«ሰውነት ካለበት ዓላማው ዕርቃን አሳይቶ ማስደንገጥ ነው» የሚለው ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። የጥበብ ሰው የነበረችው አና ሜንዲየታ በ1948 በኩባ ዋና ከተማ በሃቫና ተወለደች፤ በ12 ዓመቷ ያለ ወላጆቿ ወደ አሜሪካ ተላከች። ከ1973 ጀምሮ በአዮዋና በሜክሲኮ የሰውነቷን ቅርጽ በጭቃ፣ በአበባ፣ በባሩድ እሳት መሬት ላይ ታሳርፍ ነበር። መጀመሪያ ራሷ ትተኛበት ነበር፣ እየቆየ ግን እሷ ወጥታ ቅርጿ ብቻ ቀረ። እሱንም ዝናብና ነፋስ ወሰደው፣ ለእኛ የደረሰን ፎቶውና ፊልሙ ነው። ከአገሩ ተነቅሎ በሰው አገር ያደገ ሰው አፈር ላይ የታተመ ባዶ የሰው ቅርጽ ሲያይ ምን እንደሚሰማው፣ ከእናንተ መሀል ስንቱ ያውቀዋል።

«የፈረንጅ ነገር ነው» ለምትሉ፣ አዲስ አበባ መካኒሳ ድረስ ሂዱ። መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ በ2019 የከፈቱት ዞማ ሙዚየም የቆመው በጭቃና በጭድ ነው፣ አያቶቻችን ቤት ሲመርጉበት በኖሩት። ስትሄዱ አትቸኩሉ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ቅርጽ ጠጋ ብላችሁ እዩት።