«ካት-ባክ» ማርሚታ ምን ማለት ነው?

ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነውን) ለመቀየር ስታስቡ መጀመሪያ የሚያደናግሩት «ካት-ባክ» እና «አክስል-ባክ» የሚሉት ስሞች ናቸው። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ስሙ የሚነግራችሁ ቅያሪው ከየት እንደሚጀምር ብቻ ነው።

መኪናው በርዶና በደንብ ተደግፎ ሳለ የጭስ ቱቦውን ከሞተሩ ጀምራችሁ በዓይን ተከተሉት። ሆዱ የተነፋ ብረት ታገኛላችሁ። ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለው እሱ ነው። ውስጡ የማር እንጀራ ይመስላል፤ በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮድየም የተለበጠ ነው። መርዛማውን ጭስ የሚያጠራው ይሄ ነው። ካት-ባክ ከእሱ በኋላ ያለውን በሙሉ ይቀይራል። አክስል-ባክ ደግሞ ከኋላ አክስል (የኋላ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ዘንግ) ወዲያ ያለውን፣ በአብዛኛው ማርሚታውንና ጫፉን ብቻ።

ሁለቱም ካታሊቲኩን አይነኩም። ይህን አጥብቄ የምናገረው «አስወጣውና መኪናው ይፈታልሃል» የሚሉ ስላሉ ነው። እባካችሁ አትስሟቸው። ካታሊቲኩ ከሚያጠራቸው መርዞች አንዱ የሆነው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ይገድላል።

ጉልበት ይጨምራል ወይ? ትንሽ ቢጨምር ነው። በደንብ የሚለወጠው ድምፁ ነው። ከተገጠመ በኋላ መጋጠሚያው ላይ ጥቁር ጥላሸት ካያችሁ ጭስ እየሾለከ ነው፤ ቡሎኑ ይጠበቅ፣ ካልሆነም ጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መካከል ያለው ማሸጊያ) ይቀየር።