የበረራ ሰዓት ምንድን ነው? አዲስ አበባ–ላሊበላን እንየው

ላሊበላ ከአዲስ አበባ ምን ያህል ይርቃል? ሁለት መልስ አለው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። በመኪና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአየር ግን ወደ 330 ኪሎ ሜትር ብቻ።

በመኪና የሄደ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ከደብረ ብርሃን አልፋችሁ ጣርማበር ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ፤ ከዚያ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዛችሁ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ትወርዳላችሁ፣ ጃኬት ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ደግሞ እንደገና ዳገት። ወልድያ ላይ መንገዱ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ ጋሸና ይወጣል፣ ላሊበላ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የአየር ርቀት ይህን ሁሉ አይቆጥርም። ከከተማ ከተማ ያለው አጭሩ መስመር ነው፣ ላሊበላም ከአዲስ አበባ ቀጥ ብላ ወደ ሰሜን ነች ማለት ይቻላል።

ታዲያ በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ከቻለ፣ ትኬቱ ላይ ለምን አንድ ሰዓት ገደማ ይጻፋል? በግማሽ ሰዓት መድረስ አልነበረበትም?

ነገሩ እንዲህ ነው። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት አየር ላይ የምትቆዩበት ብቻ አይደለም። የሙያው ሰዎች ብሎክ ታይም ይሉታል። አውሮፕላኑ ቦሌ ላይ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰባት ደቂቃ ጀምሮ ላሊበላ አርፎ ማቆሚያው ላይ እስኪቆም ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ወደ ማኮብኮቢያው መሄዱ፣ ተራ መጠበቁ፣ ካረፈ በኋላ ወደ ተርሚናሉ መጠጋቱ ሁሉ ይቆጠራል። በዚያ ላይ ሙሉ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከፍታውን ሲይዝ ነው፣ መንገዱ አጭር ስለሆነ ደግሞ ከፍታ ከያዘ ብዙም ሳይቆይ መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ ርቀትን ለፍጥነት አካፍላችሁ ቀጠሮ አትያዙ።

እኔ የምመክረው ከቤት እስከ አልጋ ያለውን እንድትቆጥሩ ነው። ቦሌ ቀድሞ መድረስ አለ፣ ፍተሻ አለ። ላሊበላ ከተማ ተራራ ላይ ስለሆነች ኤርፖርቱ የተሠራው ታች ሜዳው ላይ ነው፤ ወደ ከተማ ለመግባት 25 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መውጣት ይቀራችኋል። የአንድ ሰዓቷ በረራ በቀላሉ የግማሽ ቀን ጉዞ ትሆናለች። እንዲያም ሆኖ ከመኪናው ጋር አይወዳደርም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ ውጭ ሆናችሁ ለእናት ለአባታችሁ ትኬት ለምትቆርጡ። ትኬቱ ላይ 07:00 ካለ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። "ሰባት ሰዓት ነው" ብላችሁ እንዳትነግሯቸው፣ እነሱ ምሳ በልተው ሊወጡ ይችላሉ። "ጠዋት አንድ ሰዓት ይነሳል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቦሌ ድረሱ" በሏቸው፤ "ሌሊት" የምትለዋን ቃል ጨምሩባት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ማታም አለና።