«ተክል ነው፣ ምን ያደርጋል?» ስለ አንቲኦክሲዳንት እንክብልና ስለ ልብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ውስጥ «ደም ግፊት አለብኝ» ያለ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ ሽፈራው ጠጣ ይለዋል። ሌላው ጥቁር አዝሙድ በማር ያዝዝለታል። ሌላው ደግሞ ከዱባይ የመጣ የአረንጓዴ ሻይ እንክብል በቴሌግራም ይልክለታል። ሁሉም «አንቲኦክሲዳንት አለው፣ ለልብ ጥሩ ነው» ይላሉ። አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት እንደ ቫይታሚን ኢ፣ ሲ እና ቤታ ካሮቲን ያሉ፣ ኦክስጅን ሰውነት ውስጥ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ከመልካም ልብ እንደሚመክሩ አውቃለሁ። ግን ሰው እየተጎዳበት ስለሆነ በግልጽ እንነጋገር።

«አንቲኦክሲዳንት በበዛ ቁጥር ልብ ይጠበቃል»

ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚባለው፣ የደም ስር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ኦክሲዳይዝ ሲሆን፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሲበላሽ፣ የደም ስሩ መጥበብ ይፋጠናል። አትክልትና ፍራፍሬ የሚያዘወትሩ ሰዎችም በልብ በሽታ የሚያዙት ባነሰ መጠን ነው። ታዲያ ንጥረ ነገሩን ለይተን በእንክብል ብንሰጥስ ተባለ፣ ተሞከረም። እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ በሆነው ሆፕ በተባለ ጥናት ከ9,500 በላይ ለልብ በሽታ የተጋለጡ ሰዎች ቫይታሚን ኢ ወይም ምንም የሌለበት እንክብል ለአራት ዓመት ተኩል ያህል ወሰዱ፤ ልዩነት አልታየም። በ2002 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ከ20,000 በላይ ሰዎች ላይ ቫይታሚን ኢ፣ ሲ እና ቤታ ካሮቲን አንድ ላይ ተሞከሩ። ደማቸው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ጨመረ። ድንገተኛው የልብ ሕመምና ስትሮኩ ግን አልቀነሰም።

የባሰም አለ። ፊንላንድ ውስጥ 29,000 ገደማ አጫሽ ወንዶች በተካተቱበትና በ1994 በታተመ ጥናት፣ ካሮትን ቀለም የሚሰጠውን ቤታ ካሮቲን በቀን 20 ሚሊግራም የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ሞትም በ8 በመቶ። አጫሽ አባት ወይም ወንድም ያላችሁ ይሄን ንገሩልኝ። ካሮቱን ይብላ፣ እንክብሉን ይተው።

«ተክል ስለሆነ አይጎዳም»

እዚህ ላይ በጣም የምሰጋው ዋርፋሪን ለሚወስዱ ነው። በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ በመጣ የሩማቲክ በሽታ የልብ ቫልቫቸው የተበላሸ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመላቸው ደግሞ ደማቸው እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይውጣሉ። የነጭ ሽንኩርት እንክብል ሲጨመርበት ደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል። ጎመንና ሽፈራውን የመሰለ አረንጓዴ ቅጠል ደግሞ ቫይታሚን ኬ ስላለው በድንገት ሲበዛ የመድኃኒቱን ጉልበት ያዳክማል። ጎመን ተው ማለቴ አይደለም፣ በለመዱት መጠን መብላት ነው። አዲስ ዱቄት ወይም እንክብል ከመጀመር በፊት ግን አይኤንአር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ) የሚለካላችሁን ሐኪም ጠይቁ።

የአረንጓዴ ሻይ እንክብልም ጉበት የጎዳበት ጊዜ አለ። በስኒ የሚጠጣው ሻይ ሌላ ነው፣ እንክብሉ ውስጥ ግን ንጥረ ነገሩ ተጨምቆ ነው የሚገባው።

«ሽፈራው ከጀመርኩ ክኒኑን ላቁም»

እባካችሁ አታቁሙ! ሽፈራው ጥሩ ምግብ ነው፣ ኮንሶዎች እንደ ጎመን ቀቅለው ይበሉታል። ጥቁር አዝሙድም በአንዳንድ ትናንሽ ጥናቶች ግፊትን በጥቂቱ ሲቀንስ ታይቷል። ግን 170 የደረሰ ግፊት በጥቂቱ ስለቀነሰ ዳነ አይባልም። አምሎዲፒንና ኢናላፕሪልን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ግፊትን አውርደው ስትሮክን እንደሚከላከሉ ተፈትኖ የታወቀ ነው። «ራሴን አያመኝም፣ ደህና ነኝ» የሚሉ እናቶችም አሉን። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም፤ ከመለካት ሌላ ማወቂያ የለም። ለግፊት አንድ ነገር ልቀይር ካላችሁ ከጨው ጀምሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።

«ቡናችንስ?»

ቡና በአንቲኦክሲዳንት የታወቀ ነው። በቀን ሦስት አራት ስኒ የሚጠጡ ሰዎች ላይም በተደረጉ ክትትሎች የልብ በሽታ በዝቶ አልታየም። ሆኖም የጀበና ቡና በወረቀት ስለማይጣራ ኮሌስትሮል የሚጨምር ቅባት በውስጡ ይቀራል፣ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለበት ሰው ቀነስ ቢያደርግ ይሻለዋል። በጨው የምትጠጡም ጨዉን ቁጠሩት። ከቡናው ጋር ጫት ካለ ግን ነገሩ ይለያል፤ ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ይጨምራል፣ ቅጠል መሆኑ አያድነውም።

«ውድ ነው፣ ከአሜሪካ ነው የመጣው፣ ስለዚህ ተመርምሯል»

አሜሪካ ውስጥ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕልመንት (ከምግብ በተጨማሪ የሚወሰድ እንክብል ወይም ዱቄት) የሚሸጥ ኩባንያ ምርቱ እንደሚሠራ አስቀድሞ ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። ማሸጊያው ላይ የልብ ሥዕል ስላለ ልብ ላይ ተሞክሯል ማለት አይደለም። በዚያ ብር ከመርካቶ ስንት አቮካዶ፣ ስንት ፓፓያ፣ ስንት ኪሎ ምስር ይገዛል! አስቀድማችሁ ገዝታችሁት ከሆነ ደግሞ ብልቃጡን ይዛችሁ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን አሳዩት።

ይህ ሁሉ ግን በሐኪም የታዘዘን አይመለከትም። አይረንና ፎሊክ አሲድ የታዘዘላት ነፍሰ ጡር ይሄን አንብባ ክኒኗን እንዳትተው።